ይበቃታል ወይ?

አንዲት መምህርት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም። ከዚህ በፊት ባገለገልኩበት አጥቢያ የነበረች ናት፤ ታሪኩን እንድናገርላት የለመነችኝም ራሷ ናት። «አባ፣ በደረሱበት ሁሉ ይንገሩት፤ እኔ በየትምህርት ቤቱ ዞሬ መናገር አልችልም» አለችኝ። ስለዚህ ከኑዛዜ የሰማሁትን አደባባይ እያወጣሁ መስሏችሁ እንዳትደነግጡ። የሌሎቹን ስም ግን ለውጬዋለሁ።

ይህች ሴት ሁለተኛ ክፍል ታስተምር ነበር። ስልሳ ስምንት ልጆች አሏት፤ በአንድ ወንበር አራት አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ጎበዝ አስተማሪ ነበረች፤ ይህን ከአሁኑ ያዙልኝ። ሰነፍ ብትሆን ኖሮ ታሪኳን አልነግራችሁም ነበር። የሰነፍ ጥፋት ሲነገር ሁላችንም «እኔስ እንደሷ አይደለሁም» ብለን በሰላም ወደ ቤታችን እንሄዳለን።

ቁጥር ስታስተምር ቆርኪ ታስለቅማቸዋለች፤ ስንጥር አሥር አሥሩን በክር ታሳስራቸዋለች። ሦስትና አራት ስንት ነው ብትሏቸው ሰባት ይላሉ። ከዘጠኝ ላይ ሁለት ሲቀነስም ሰባት ይላሉ። የቃላት ጥያቄ ሲመጣ ግን ሁሉም ነገር ይጠፋባቸዋል። «ዓለሚቱ ዘጠኝ ሎሚ ነበራት። ሁለቱን ለጎረቤቷ ሰጠች። ስንት ሎሚ ቀራት?» ስትላቸው አንዱ አሥራ አንድ ይላል፤ አንዱ ዘጠኝ ይላል፤ አንዷ ደግሞ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ዓለሚቱ የማን ልጅ ናት?» ብላ ትጠይቃለች።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። እናንተም ሳቃችሁ። እኔም ሲነገረኝ ስቄ ነበር።

መምህርቷ መላ ፈለገች። ልጆቹን ሰብስባ «ታሪኩ አያስጨንቃችሁ» አለቻቸው። «ቃሏን ብቻ ፈልጉ። ‹ሰጠ› ካለ፣ ‹በላ› ካለ፣ ‹ጠፋ› ካለ፣ ‹ሄደ› ካለ መቀነስ ነው። ‹ገዛ› ካለ፣ ‹አገኘ› ካለ፣ ‹ጨመረ› ካለ፣ ‹መጣ› ካለ መደመር ነው። ቃሏን ስታገኙ ክበቧት። ከዚያ ቁጥሮቹን አውጡና ሥሩ።» ልጆቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያንን መላ እንደ መዝሙር ይሉት ጀመር። ፈተና ሲመጣ ከአሥር ስምንት፣ ከአሥር ዘጠኝ አመጡ። ርእሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ አስጨበጨበላት፤ ሌሎች መምህራንም መላውን ከእሷ ወሰዱ።

አንድ ቀን «በበረት ሦስት በጎች ነበሩ። ጅብ መጣና አንዱን ወሰደ። ስንት በጎች ቀሩ?» ብላ ጻፈችላቸው። አንድ ልጅ «መጣ» የምትለውን ቃል አሳምሮ ከበበና አራት ብሎ መለሰ። ጅቡ ከበጎቹ ጋር ተደምሮ መሆኑ ነው። መምህርቷ እስኪያስነባት ሳቀች፤ በእረፍት ሰዓት ለባልደረቦቿ አወራችው። ግን እስኪ ልጁ ምን አጠፋ? ቃሏን ፈልግ ተባለ፤ ፈለገ። ታሪኩ አያስጨንቅህ ተባለ፤ አልተጨነቀም። ከሦስት በጎች አንዱን ጅብ በልቶት ልጁ ምንም አልመሰለውም። ያን ቀን ቆም ብላ ብታስብ ኖሮ ይህን ታሪክ ዛሬ አልነግራችሁም ነበር።

ከዚህ በኋላ ሌላ ነገር ጀመረች። ዓርብ ዓርብ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ የቃላት ጥያቄ ሠርቶ እንዲያመጣ አዘዘች። «ከመጽሐፍ አትገልብጡ። የእውነት የሆነ ነገር ይሁን። አንድ ታሪክ፣ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ» አለቻቸው። ልጆቹ ወደዱት። የዶሮዋን እንቁላል፣ የአባትን ምስማር፣ የታናሽ ወንድምን ጥርስ እየቆጠሩ መጡ። እሷም ዓርብ ከሰዓት ስልሳ ስምንት ደብተር ጭኗ ላይ ከምራ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ታርማለች። ቃሏ ተከባለች? ተከባለች። መልሱ ልክ ነው? ልክ ነው። ራይት። ጎበዝ። ቀጣይ።

አሁን ከትምህርት ቤቱ ወጥተን ወደ አንድ ቤት እንሂድ።

በዚያው ሰፈር የሻረግ የምትባል እናት ነበረች። ባሏ በሕይወት የለም። አንዲት ልጅ አለቻት፣ ትርንጎ ትባላለች፤ ከስልሳ ስምንቱ አንዷ ናት። የሻረግ በዚያ ዓመት ሳንባዋን ታመመች። ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ነርሷ «ስድስት ወር ሳታቋርጪ ከዋጥሽ ትድኛለሽ፤ ካቋረጥሽ ግን በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል» አለቻት። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ በየሁለት ሳምንቱ ሃያ ስምንት ክኒን ይሰጧት ነበር፤ በቀን ሁለት ሁለት። ወር ተኩል በትክክል ዋጠች። ሳሏ ቀነሰ፤ ፊቷም ተመለሰ።

የሻረግ ደብሬ የምትባል ታናሽ እህት አለቻት። ደብሬ ዳቦ ጋግራ መንገድ ዳር የምትሸጥ ሴት ናት። እሷም መሳል ጀመረች። የሻረግ ሳሉን ስትሰማ አወቀችው።

«ደብርዬ፣ ነገ አብረን እንሂድና ይመርምሩሽ» አለቻት።

«አንቺ ብትታመሚ ቤትሽ ውስጥ ነው። እኔ ዳቦ ሻጭ ነኝ። ደብሬ ሳንባዋን ታማለች ከተባለ ከነገ ጀምሮ ዳቦዬን ማን ይበላዋል?»

«ታዲያ ዝም ብዬ ላይሽ ነው?»

«የሰፈሩን አፍ ታውቂው የለ? አልሄድም፤ አታድርቂኝ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ደብሬ ግን መድኃኒት አላጣችም። የሻረግ ተነሥታ ከሣጥኗ አዲሱን ክኒን አወጣችና እኩል ከፈለችው። አሥራ አራቱን ለእህቷ ሰጠቻት። «እኔ ተሽሎኛል፤ አንድ አንድ ይበቃኛል። አንድ ጡት ጠብተን አድገን ለብቻዬ ልዳን እንዴ?» አለቻት።

እስኪ ማነው በዚህች ሴት የሚፈርድ? እኔ አልፈርድም። ሲቸግረን በርበሬ እንካፈላለን፤ እንጀራ እንካፈላለን። ልጆቻችንን «ተካፍላችሁ ብሉ» ብለን ነው የምናሳድጋቸው። መድኃኒት ከዚህ እንደሚለይ ማን ነግሯት ያውቃል?

ልቧ ግን አላረፈም። በቀን ሁለት የተባለችውን አንድ ስትውጥ ትፈራ ነበር። ነርሷን ልጠይቅ ብትል «ሌላውን ለማን ሰጠሽው?» ትባላለች፤ የእህቷ ምሥጢር ይወጣል። እሷ ደግሞ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ልጇን ጠራች።

«ትርንጎዬ፣ ቲቸርሽ የተማረች ናት። ጠይቂልኝ። አሥራ አራት ይበቃታል ወይ በያት። የማንንም ስም ግን እንዳትጠሪ።»

«እሺ እማዬ።»

ትርንጎ አፏ የማይፈታ ዓይናፋር ልጅ ናት። ከስልሳ ሰባት ልጆች ፊት ተነሥታ ይህን ልትጠይቅ? አትችልም። ዓርብ ሲደርስ ግን መንገድ አገኘች። የቃላት ጥያቄ አድርጋ ጻፈችው። የጻፈችውን እንዳለ ላንብብላችሁ፤ መምህርቷ ገልብጣ ሰጥታኛለች።

«አንዲት ሴት 28 ክኒን ነበራት። 14 ለእህቷ ሰጠች። ስንት ቀራት? ይበቃታል ወይ? መልስ 14።»

«ሰጠች» የምትለውን ቃል በእርሳስ ከብባታለች። ከሃያ ስምንት አሥራ አራት ሲቀነስ አሥራ አራት፤ ልክ ነው። «ይበቃታል ወይ?» ለሚለው ግን መልስ አልጻፈችም። መልሱን ከመምህርቷ ነበር የምትጠብቀው።

ያን ዕለት መምህርቷ አርባ ምናምነኛው ደብተር ላይ ነበረች። ዓይኗ ወደ ተከበበችው ቃል ሄደ፤ ከዚያ ወደ መልሱ ሄደ። ልክ ነው። «ይበቃታል ወይ?» የሚለውን አየችው። ቁጥር የለውም። አንድ ታሪክ፣ አንድ ጥያቄ ብላ አስተምራ የለ? በቀይ ሰረዘችው። ከጎኑ ትልቅ ራይት አደረገችና «ጎበዝ» ብላ ጻፈች። ሌላ ደብተር አነሣች።

ትርንጎ እየሮጠች ቤቷ ገባች።

«ቲቸር ምን አለች?» አለቻት እናቷ።

ልጅቱ ደብተሩን ገልጣ አሳየቻት። የሻረግ ፊደል አታውቅም፤ ራይት ግን ታውቃለች። ራይት የማያውቅ እናት የለም። ቀዩን ምልክት በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ጣቷን ወደ ሰረዙ ወሰደች።

«ይህችስ ምንድን ናት?»

«እሷን አያስፈልግም ብላ ነው። ልክ ነው ብላኛለች፤ ጎበዝም ብላኛለች።»

«አታስቡ ማለቷ ነዋ» አለች የሻረግ። «ተመስገን።» ደብተሩን ስማ ለልጇ መለሰችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ሃያ ስምንቱን እኩል እየከፈለች ሳትሰጋ በቀን አንድ ዋጠች። ደብሬም አንድ ዋጠች።

ወገኖቼ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ቶሎ ብዬ ባልፈው በወደድኩ ነበር።

ጥር ላይ ትርንጎ ሌላ ጥያቄ ጻፈች። «እናቴ ወደ ቦኖ ስትሄድ አታርፍም ነበር። አሁን ስትሄድ 3 ጊዜ ታርፋለች። ስትመለስ 4 ጊዜ ታርፋለች። በጠቅላላው ስንት ጊዜ ታርፋለች? መልስ 7።» ራይት። ጎበዝ። ቦኖው ከቤታቸው ስንት እርምጃ ቢሆን ጥሩ ነው? እኔ አውቀዋለሁ። ጤነኛ ሰው ሳያርፍ ሁለቴ ይመላለስበታል።

አውቀዋለሁ ያልኳችሁ እኔም በዚያ ቤት ስለገባሁ ነው። የንስሐ አባቷ ነበርኩ። በዚያው በጥር ወር ጸበል እየረጨሁ ቤት ለቤት ስዞር እሷም ቤት ደረስኩ። ጸበሉን ተቀብላ በሩ ድረስ ሸኘችኝና «አባ፣ አንዲት ነገር ልጠይቅዎ ነበር» አለችኝ። ዲያቆኑ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኛል። ገና አሥራ ሁለት ቤት ይቀረኛል። «ለመሆኑ ደህና ነሽ?» አልኳት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ። «እሱ ይበልጣል» ብዬ መስቀል አሳልሜያት ሄድኩ። የምትጠይቀኝ ምን እንደሆነ ሳልሰማ ሄድኩ።

እንግዲህ መምህርቷን ስወቅስ የሰማኝ ካለ፣ እኔን ከእሷ አስቀድሞ ይውቀሰኝ። እሷ ቢያንስ ስልሳ ስምንት ነበረባት።

መጋቢት ላይ የሻረግ ደም መትፋት ጀመረች። ጤና ጣቢያው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላካት። እዚያም በሽታው መድኃኒቱን ለምዶታል አሏት፤ ሌላ ጠንካራ መድኃኒት ጀመሩላት። ሰውነቷ ግን አልቆ ነበር። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ማክሰኞ ዐረፈች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ጸሎተ ፍትሐቷን ያደረስኩት እኔ ነኝ።

መምህራኑ ለቅሶ ለመድረስ መጡ። መምህርቷም መጣች። ደብሬ መሐል ላይ ተቀምጣ ደረቷን እየደቃች «የእህቴን ዕድሜ ነው የዋጥኩት፤ እኔ ነኝ የዋጥኳት» ትላለች። ሴቶቹ «ተይ እንጂ፣ እንዲህ አይባልም» ይሏታል። መምህርቷ የሐዘን ቃል መሰላት። ሐዘንተኛ ብዙ ይላልና አንገቷን ደፋች።

ትርንጎ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቱ አላለቀሰችም። ልብሷን በጣቷ ስታጠቀልል ቆየችና በጣም ቀስ ብላ ተናገረች።

«ቲቸር፣ ልክ ነው ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ምኑን ነው ልጄ?»

«ይበቃታል ወይ ብዬ የጻፍኩትን። እማዬ ናት ጠይቂልኝ ያለችኝ። ራይት አድርገውልኝ ነበር።» ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

በቁጣ አይደለም የጠየቀችው። መልስ ሲሳሳቱ ወደ አስተማሪያቸው ሄደው እንደሚጠይቁት ነው የጠየቀችው።  

ደብተሩን አምጪው አለቻት። ልጅቱ ከውስጥ ይዛላት መጣች። መምህርቷ ገለጠችው። የራሷን ቀይ ቀለም አየች። ሰረዙን አየች። ከሰረዙ ሥር ያለው የልጅ ጽሑፍ አሁንም ይነበባል።

«አንቺ አልተሳሳትሽም» አለቻት። «እኔ ነኝ ያላነበብኩት።»

ትርንጎ ትንሽ አሰበች። «አሁን ቢያነቡትስ?» አለች።

አነበበችው። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ እዚያው ለቅሶ ቤት ተቀምጣ፣ በዝግታ አነበበችው። ሲያልቅም «አይበቃትም ነበር፣ ልጄ» አለች። ያኔ ነው ልጅቱ ያለቀሰችው። 

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ሆኖም መምህርቷ ያደረገችውን ልንገራችሁ። በሠልስቱ ማግሥት ደብሬን ይዛት ጤና ጣቢያ ሄደች። ደብሬ «ሰው ያየኛል» ስትል «ከእኔ ጋር ይይሽ» አለቻት። ነርሷ መርምራ መድኃኒት አስጀመረቻት፤ ከጊዜ በኋላም «አሁን በሽታሽ ወደ ሌላ አይተላለፍም» ብላ ካሰናበተቻት ወዲህ፣ መምህርቷ በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስትሄድ መንገድ ዳር ከደብሬ ዳቦ ገዝታ እዚያው ቆማ፣ ሰው ሁሉ እያያት ትበላ ነበር። ደብሬ መድኃኒቷን ጨርሳ ዳነች። ትርንጎን የምታሳድጋት እሷ ናት። መዳኗን ግን እስከ ዛሬ በደስታ ስትናገረው አልሰማሁም።

መምህርቷ ሌላም ነገር አደረገች። ያን ሳምንት ስልሳ ስምንቱን ደብተሮች ቤቷ ወስዳ እንደገና አነበበቻቸው፤ መልሱን ትታ ታሪኩን። አንዱ ልጅ «በቤታችን 2 አልጋ ነበር። 1 ተሸጠ» ብሎ ጽፏል። ራይት። አንዷ «አባቴ እማዬን ትናንት 2 ጊዜ መታት። ዛሬ 3 ጊዜ መታት። በጠቅላላው 5» ብላ ጽፋለች። ራይት። ከሥሩ በራሷ እጅ «በጣም ጎበዝ» ተብሎ ተጽፏል። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ቤታቸውን ገልጠው ሲነግሯት ኖረዋል። እሷ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ መደመራቸውን ስታይ ኖራለች። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እንላለን አይደል? ልጅ የጻፈውንስ ማን ያነበዋል?

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ሰዓታችሁን የምታዩትን አይቻችኋለሁ፤ ትንሽ ታገሡኝ።

እኛ ቀይ እስክሪብቶ የለንም። ሌላ ነገር ግን አለን። «ደህና ነህ?» እንላለን፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል። መልሱ ልክ ነው። ከዚህ የተሻለ መልስ የት ይገኛል? ራይት አድርገን እናልፋለን። ሚስትህ «ምንም አልሆንኩም» ስትልህ ራይት። እናትሽ በስልክ «እኔ ደህና ነኝ፣ ለእኔ አታስቢ» ስትልሽ ራይት። ከቅዳሴ በኋላ በዚያ በር ላይ ስንት ራይት እንደምናደርግ ታውቃላችሁ? እኔ በየእሑዱ ሁለት መቶ አደርጋለሁ። ሁለት መቶ ሰው አሳልሜ፣ ሁለት መቶ «ተመስገን» ሰምቼ፣ ስለ አንዱም ምንም ሳላውቅ ቤቴ ገብቼ ምሳዬን እበላለሁ።

«ተመስገን» ማለት ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። የሻረግ ስታመሰግን ከልቧ ነበር። ግን ከምስጋናዋ በኋላ አንድ ሌላ ዓረፍተ ነገር ነበራት። መምህርቷ ሰረዘችው፤ እኔ ደግሞ ሳልሰማው ወጣሁ። ከሁለታችን አንዳችን ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰን ብንሰማ ኖሮ «አይበቃሽም» ለማለት አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገን። ለአንድ ቃል ጊዜ አጣን።

እናንተም የምትደብቁ፣ እናንተንም አልተውኳችሁም። «ሰው ምን ይለኛል» ብላችሁ ሕመማችሁን፣ ችግራችሁን፣ ቤታችሁ ውስጥ የሚደረገውን የምትሸፍኑ፣ የእናንተ መሸፈን በእናንተ ላይ ብቻ አይቀርም። ደብሬ የሸፈነችው የራሷን ሳል ነበር፤ የሞተችው እህቷ ናት። ይህን ስናገር ይከብደኛል፤ ደብሬን እወዳታለሁና። ግን እሷም ንገሩልኝ ብላለች።

እግዚአብሔር የሰጠን ሰው ደብተር ነው። አንዳንዱ ጽሑፉ አያምርም። አንዳንዱ ጥያቄውን ዓይናፋር ሆኖ በሌላ ነገር ውስጥ ሸሽጎ ይጽፈዋል፤ «አንዲት ሴት» ይላችኋል፣ እናቱን ማለቱ ነው። «አንድ ጓደኛ አለኝ» ይላችኋል፣ ራሱን ማለቱ ነው። ጌታ እኛን የሚያነበን እንደዚያ ቸኩሎ ቢሆን ኖሮ ማን ይድን ነበር?

አንድ ነገር ነግሬያችሁ ላብቃ። ትርንጎ አሁን ሰባተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ወር ወደዚያ አጥቢያ ለአንድ ጉዳይ ስሄድ መንገድ ላይ አገኘኋት። አድጋለች፤ መስቀል ተሳለመች።

«ደህና ነሽ ልጄ?» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ።

እግሬ ሊሄድ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ሁሉ አሳልፌም እንኳ እግሬ ሊሄድ ነበር። በግድ አቆምኩት።

«እሱስ ይመስገን» አልኳት። «አንቺስ?»

ዝም አለች።  መኪና አለፈ፣ ሰዎች አለፉ፣ ቆምን። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች።

«አባ፣ በአፌ ብጠይቃት ኖሮ እማዬ አትሞትም ነበር። አይደል?»

አምስት ዓመት። ያቺ ልጅ አምስት ዓመት ሙሉ እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ ብላ ስታስብ ኖራለች። ትምህርት ቤት እየሄደች፣ ውኃ እየቀዳች፣ ለጠየቃት ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያለች። አክስቷም አላወቀችም፤ መምህርቷም አላወቀችም፤ እኔም አላወቅሁም። እዚያው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አብሬያት ተቀመጥኩና «አንቺ ጠይቀሻል፤ እኛ ነን ያልመለስንልሽ» አልኳት። ይህንኑ ደጋግሜ አልኳት። አመነችኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ነገ እንደገና ሄጄ እነግራታለሁ፤ ከነገ ወዲያም እነግራታለሁ።

እናንተም እንግዲህ ሂዱ። በዚያ በር ስትወጡ ሰላም የምትሉት ሰው አለ። «ተመስገን» ይላችኋል። «እሱስ ይመስገን፤ አንተስ?» በሉት። ከዚያ እጁን ሳትለቁ ቁሙ።